አራት ቡሎን ብቻ

ቮልስዋገንን የነደፉት ጀርመኖች በዓለም ላይ ላለ አማተር መካኒክ ሁሉ ወጥመድ ትተውለት አልፈዋል። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ያሰሩት በአራት ቡሎን ብቻ ነው። የቤንዚን ቱቦውን ትዘጋለህ፣ የነዳጅ መስጫውን ሽቦና ጥቂት የኤሌክትሪክ መስመሮችን ታላቅቃለህ፣ ክሪክ ከሥር ትደግፋለህ፣ አራቱን ቡሎን ትፈታለህ፣ ወደ ኋላ ሳብ፣ ወደ ታች ዝቅ፤ አለቀ። ክብደቱ 110 ኪሎ ግድም ስለሆነ ሁለት ጎረምሶች ተጋግዘው በረንዳ ላይ ያወጡታል። ራዲያተር የለ፣ ውኃ የለ፣ መስቀያ ሰንሰለት የለ። ኮሮላ ወይም ላንድክሩዘር ቢሆን ኖሮ ገና ኮፈኑ ሲከፈት የሽቦውና የቱቦው ብዛት አማተሩን አስፈርቶ ወደ ቤቱ ይመልሰው ነበር። በቮልስ ግን ፍርሃት የሚመጣው ሞተሩ ተበትኖ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አይጠቅምም።

የእኛ ሰፈር ሰለባ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ቮልሳቸው አብራቸው ያረጀች፣ ቀለሟ በየትኛውም የቀለም መደብር የማይገኝ፣ ነገር ግን ጠዋት ቁልፍ ሲነካት ወዲያው የምትነሣ መኪና ነበረች። “ነበረች” ማለቴ ተሸጣ አይደለም። መምህሩ ሊያድሷት ስለወሰኑ ነው። አበው “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ጎረቤት “ኧረ ይተዉ” ሲላቸው መልሳቸው ዝግጁ ነው። “ይህ መኪና እኮ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ እስኪወጣ ድረስ ገበሬው ፈትቶታል፣ ወታደሩ ፈትቶታል፣ ተማሪው ፈትቶታል።” ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና ዋናውን መከራከሪያ ያመጣሉ። “መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስ ነው። ጃንሆይን ያወረደ መኪና፣ እኔ ሞተሩን ባወርደው ምን ይገርማል?” ለዚህ መልስ ያለው ጎረቤት አልተገኘም።

የውሳኔው መነሻ አንዲት መለኪያ ናት። አሜሪካ የምትኖር የእኅታቸው ልጅ ለእረፍት ስትመጣ የኮምፕረሽን መለኪያ ይዛላቸው መጣች። (ለጡረተኛ ሹራብ ማምጣት እያለ!) መምህሩ ካንዴላዎቹን ፈትተው መለኪያውን በየተራ ከአራቱም ቀዳዳ ላይ አሰሩ። ባለቤታቸው መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው ቁልፍ አዞሩ። መርፌው በአራቱም ሲሊንደር 6 ባር ግድም ደርሶ ቆመ። የያዙት መጽሐፍ ግን ወደ 8 ይጠብቃል። የቮልሷ ፍርድ የተፈረመው በዚያች ደቂቃ ነው።

የሰፈሩ መካኒክ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ልጅ፣ መጥቶ አየና “ጋሼ፣ አራቱም እኩል ናቸው። እዚህ ከተማ ደኅና ሞተር የሚያሳየው ይኸንኑ ነው” አላቸው። አልሰሙትም። ልጁ ምክንያቱን አያውቀውም፤ በዓይኑ ያየውን ነው የተናገረው። ምክንያቱን የሚያውቁት መምህሩ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው ከፍታ ሲጨምር አየር እንደሚሳሳ ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ናት። የአየሯ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ሲሊንደር የሚያምቀው ያገኘውን አየር ነውና ሐምቡርግ ላይ 8 ያሳየ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 6 ቢያሳይ የደከመ ነገር የለም፤ ከፍ ያለው ከተማው ነው። መምህሩ ግን ጂኦግራፊን ለፈተና እንጂ ለቮልስ አስበውት አያውቁም።

ያልታመመ ሞተር መፍታት የአማተሮች ሁሉ አንደኛ ስሕተት ነው። እንዲያውም መኪናው የሚለውን ጠይቆ የማያውቅ ሰው ነው ቶሎ መፍቻ የሚያነሣው። አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ ተቀራራቢ ቁጥር ካሳዩ ነገሩ ደኅና ነው። ሦስቱ 6 ብለው አንዱ 3 ካለ ግን ያን ጊዜ መጨነቅ ይገባል። በተለመደው ቆሞ በሚሠራ ሞተር ላይ ከሆነ በደከመው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ያረጀው ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፤ ካልተነቃነቀ የሚጠረጠረው ቫልቭ ነው። በቮልስ ላይ ይህ ዘዴ ብዙም አያስተማምንም፤ ሲሊንደሮቹ የተጋደሙ ስለሆኑ ዘይቱ አንድ ጎን ይተኛል። በተለመደው ሞተር ላይ ጠዋት ሲነሣ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስም አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ ጎሚኒ ጉዳይ ነው፤ ለእርሱ ብሎ ሙሉ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። ይህን ሁሉ የሚነግረው ሰው ሲመጣ ግን አማተሩ ሥራ ላይ ነው። አራተኛዋን ቡሎን እየፈታ ነው።

ሞተር ማውረድ የጀግና ሥራ ይመስላል። ቱታ፣ ዘይት የጠጣ ክንድ፣ ጥርስ ነክሶ መፍቻ መጫን። እኔ ግን የሰው ሞተር ሲፈታ ቆሞ ማየት የምወድ ሰው ስለሆንኩ የታዘብኩትን ልመስክር። ለዚህ ሥራ የተፈጠረው ሰው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ያ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አሳርፎ “ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ አልቀበልም” እያለ የሚያመላልሰን፣ ሁላችንም የምንረግመው ሰውዬ። እርሱ ሞተር ቢፈታ እያንዳንዷን ቡሎን በፌስታል ቋጥሮ “የዘይት ፖምፓ፣ የላይኛው ግራ” ብሎ ይጽፍባት ነበር። ፒስተኑን ከወጣበት ሲሊንደር ጋር ቁጥር ይሰጠው ነበር። ቀስቱ ወደ የት እንደሚያመለክት ሳያይ አያወጣውም፤ በቮልስ ፒስተን አናት ላይ ያለችው ቀስት ወደ ቮላኖው (ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ወዳለው ከባድ ዲስክ) መዞር አለባት። በስልኩ ፎቶ ያነሣ ነበር። ሥራው አሰልቺ ይሆናል፣ ሞተሩ ግን ይነሣል።

መምህራችን በሙያቸው ካርታ የማይሳሳቱ ሰው ሆነው ሳለ፣ ሞተሩ ፊት ሲቆሙ የጎረምሳ መንፈስ ያዛቸው። ሁሉም ቡሎን፣ ሁሉም ዳዶ፣ ሁሉም ሮንዴላ በአንድ የቀለም ጣሳ ውስጥ ገባ። “ልካቸው ይለያቸዋል” አሉ። በሦስተኛው ቀን የልጅ ልጃቸው ጣሳውን ደፋው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ቤተሰቡ በሙሉ አጎንብሶ ሲለቅም ዋለ፤ የተገኘውም ሁለት የማይታወቁ ምስማርና አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ተጨምሮበት ነው።

ከቮልስ ውጭ ባለው ሞተር የዚህ ቅጣት የባሰ ነው። የቢዬላና የክራንክ ሻፍት ብሮንዞችን (ዘንጉ የሚዞርባቸውን ስስ ቅርፊቶች) የሚይዙት ኮፍያዎች ፋብሪካ ውስጥ የሚሞረዱት ከየራሳቸው ገላ ጋር ታስረው ነው። የሁለተኛው ኮፍያ ሦስተኛው ላይ ቢገጠም፣ ወይም እዚያው ቦታው ላይ ዞሮ ቢገባ፣ ዓይን የማያየው ጠማማነት ይፈጥራል። ዓይን ባያየውም ብሮንዙ ያየዋል። ሞተሩ ተገጥሞ በእጅ አልዞር ሲል “አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይላላል” የሚል መካሪ አይጠፋም። አይላላም። ይቃጠላል።

ከመፍታት ቀጥሎ የሚመጣው እጥበት ነው፤ አማተርን የምታውቀው እዚህ ላይ ነው። መምህሩ ሲሊንደሮቹን በቤንዚን ለቅለቅ አድርገው በአሮጌ ጆንያ ጠረጉና “ንጹሕ ነው” አሉ። ቤንዚን ቅባትን ይወስዳል፤ ሲሊንደር በድንጋይ ሲሞረድ በጭረቶቹ ውስጥ የሚቀረውን ደቃቅ ዱቄት ግን ትቶት ይሄዳል። ያን የሚያወጣው ሙቅ ውኃ፣ ኦሞና ብሩሽ ነው። በነጭ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ማሸት ነው። ወዲያውም ማድረቅና ዘይት መቀባት፤ ያለዚያ ብረቱ ምሳ በልተህ እስክትመለስ ዝገት ያወጣል። የጆንያው ክር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዘይት የሚሄድባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው፤ አንዲት ክር ወደ ብሮንዝ የሚሄደውን ዘይት ልትዘጋ ትችላለች።

ብርጭቆ ወረቀትም እንዲሁ። የድሮ ጓርኒሲዮን ተጣብቆ አልነሣ ሲል አማተሩ ብርጭቆ ወረቀት ያነሣና ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) መስታወት እስኪመስል ያሸዋል። መስታወት የመሰለው ፊት ግን ለጥ ያለ ፊት ማለት አይደለም፤ እጅ በተጫነበት በኩል ጎድጎድ ይላል። የረገፈው አሸዋም ሞተሩ ውስጥ ከቀረ ከዘይቱ ጋር እየተዘዋወረ ብሮንዙን ይበላዋል። ቴስታታ የተጣመመ ከመሰለህ ቀጥ ያለ ብረት አጋድመህበት ፊለር የሚባሉትን ስስ ቅጠሎች ከሥሩ አስገብተህ ለካ፤ ካለፈ ቶርኖ ቤት ውሰደው። ቶርኖ ቤት ያለው ሰው የሚጠይቅህ ገንዘብ ሁለተኛ ሞተር ከማውረድ ይረክሳል።

መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስለመሄድ ብዙ አልናገርም፤ የሄደ ያውቀዋል። “የጃፓን ነው፣ ኦርጅናል ነው፣ ለአንተ ስል ነው” የሚለው ዜማ በዚያ ሰፈር ከመኪና ጡሩንባ በላይ ይሰማል። ከሻጩ ይልቅ የሚገርመኝ ግን ገዢው ነው። አማተር ወደ መለዋወጫ ሱቅ የሚሄደው የሞተሩን ስም ብቻ ይዞ ነው፤ “የቮልስ ብሮንዝ ስጠኝ” ይላል። የየትኛው? ክራንክ ሻፍት አንድ ጊዜ ተሞርዶ ከሆነ ብሮንዙ በ0.25 ሚሊሜትር ለቀጠነ ክራንክ ሻፍት የተሠራው መሆን አለበት። ሁለት ጊዜ ተሞርዶ ከሆነ 0.50 ነው። በቮልስ ላይ ደግሞ ብሮንዙ የሚቀመጥበት የሞተሩ አካልም ሰፍቶ ሊሆን ስለሚችል የውጭውም ልክ ይጠየቃል። በብዙ ሞተሮች በብሮንዙና በክራንክ ሻፍቱ መካከል የሚፈለገው ክፍተት ከ0.02 እስከ 0.06 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ የሰው ፀጉር እንኳ 0.07 ግድም ይወፍራል። ከፀጉር ባነሰ ነገር ላይ “በዓይኔ ለክቼዋለሁ” የሚል ሰው አለ። መምህሩ ብለዋል።

አዲስ ፋሻም ከፓኬት ወጥቶ በቀጥታ አይገባም። ሲሊንደሩ ውስጥ ብቻውን ገብቶ፣ በፒስተን አናት ቀጥ ተደርጎ፣ ጫፍና ጫፉ መካከል ያለው ክፍተት ይለካል። ለእያንዳንዱ 25 ሚሊሜትር የሲሊንደር ስፋት 0.1 ሚሊሜትር ያህል የሚለው የመካኒኮች ግምት ለመነሻ ይበቃል። ክፍተቱ ከጠበበ ፋሻው ሲግልና ሲረዝም ጫፎቹ ይጋጠማሉ፣ መሄጃ ያጣሉ፣ ይሰበራሉ። ጎረቤት ሁሉ “ጠበቅ ያለ ፋሻ ኮምፕረሽን ይይዛል” ቢልህም አትስማ።

ወደ ጡንቻው ጉዳይ እንምጣ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አይፈረድብኝም። መምህሩን የሚያግዛቸው የባለቤታቸው ወንድም ነው፤ ጠዋትና ማታ ብረት የሚያነሣ፣ የጠርሙስ ክዳን እንኳ በሙሉ ክብሩ የሚከፍት ወጣት። የቮልስ ሞተር አካል የተሠራው ከማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ ቀላል ነው፣ ለስላሳም ነው። ከዚህ ለስላሳ ነገር ውስጥ የቆሙት ረጃጅም ቡሎኖች ሲሊንደሩንና ቴስታታውን አቅፈው ይይዛሉ። በላያቸው የሚጠብቀው ዳዶ የሚፈልገው 3.2 ኪሎግራም ሜትር ገደማ ነው። ይህም በአጭር መፍቻ፣ በአንድ እጅ፣ ሳያቃስቱ የሚደረስበት ነው። ወጣቱ ግን መፍቻው ላይ የውኃ ቱቦ ቀጠለበት። እግሩን ግድግዳ ላይ ተከለ። አንዱ ዳዶ እየጠበቀ፣ እየጠበቀ፣ እየጠበቀ ሄዶ በድንገት ቀለለው። “ገባ!” አለ ደስ ብሎት። አልገባም፤ ወጣ። ቡሎኑ የማግኒዚየሙን ጥርስ እንደ ተሸከመ ከሥሩ ተነቅሎ ነበር።

በዚያው ቀን ቮላኖው ተገጠመ። ቮላኖውን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚይዘው አንድ ዳዶ ነው፤ ባለ 36 ቁጥር፣ ጎበዝ የሚፈለግበት። ልኩ 35 ኪሎግራም ሜትር አካባቢ ነው፤ ከቴስታታው ዳዶ ከአሥር እጥፍ በላይ። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው 44 ሳንቲሜትር ርቆ በመፍቻው እጀታ ላይ ቢቆም ልኩ እርሱ ነው። ይህን ብቻ ነበር ወጣቱ በጡንቻው ማድረግ የነበረበት። ነገር ግን የቴስታታው ነገር አስደንግጦት ስለነበር ይኼኛውን በርኅራኄ፣ በሁለት ጣት ጠበቅ አድርጎ ተወው። በደንብ ያልጠበቀ ቮላኖ ሲዞር ይላወሳል፣ የሚይዙትን ፒኖች ቀዳዳ እያሰፋ ይሄዳል፣ መጨረሻውም የክራንክ ሻፍት መለወጥ ነው። አማተር የሚሳሳተው ጉልበት ስለሌለው አይደለም። ጉልበቱን የሚያወጣበትን ስለማያውቅ ነው። ቶርክ ሬንች የሚባል መፍቻ ይህን ጭቅጭቅ ሁሉ ይፈታል፤ ለመከራየት፣ ለመዋስም ይቻላል። ስትጠቀምበት ቅደም ተከተሉን ጠብቅ፦ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በደረጃ፣ በአብዛኛው ሞተር ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር። መጽሐፉ ጥርሱ ዘይት ይነካ ካለ ዘይት አስነካው፤ ደረቅ ይሁን ካለ ደረቅ ይሁን፤ ዘይት የነካ ቡሎን በዚያው ልክ ሲጠብቅ ብረቱን ይበልጥ ይወጥረዋልና። በአዳዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ አንድ ጊዜ ከተሳቡ ዳግመኛ የማይገጠሙ የቴስታታ ቡሎኖች አሉ። “ምንም አልሆኑም እኮ” ማለት አይቻልም፤ ሆነዋል።

ሲልኮንን ሳልረግም አላልፍም። ጓርኒሲዮን ባለበት ሁሉ፣ ጓርኒሲዮን በሌለበትም ሁሉ፣ አማተር ሲልኮን ይቀባል። ውጭው ላይ የተረፈው ግርማ ሞገስ ያለው ጥቁር ጠርዝ ሆኖ ይታያል፤ ባለቤቱም ሥራው ያማረ ይመስለዋል። ውጭ የተረፈውን ያህል ግን ወደ ውስጥም ተርፏል። ወደ ውስጥ የተረፈው ይደርቃል፣ ይቆረሳል፣ ዘይቱ ውስጥ ይወድቃል፣ ተንሳፍፎ ሄዶ ፖምፓው ዘይት የሚስብበት ወንፊት ላይ ይለጠፋል። ሞተሩ ዘይት ሞልቶለት በዘይት ጥማት ይሞታል። ስስ አድርጎ መቀባት የሚከብዳቸው ሰዎች ለምን ቅቤ ሲቀቡ እንደማያባክኑ አይገባኝም።

ዘይትን ካነሣን፣ የቮልስ ሞተር የሚወስደው 2.5 ሊትር ብቻ ነው። የዘይት ማጣሪያም የለውም፤ ያለችው ያቺ ወንፊት ብቻ ናት። መምህሩ አራት ሊትር ሞሉበት። “ለአዲስ ሞተር ሲሳይ ነው” አሉ። ሲሳዩ በየቀዳዳው ወጥቶ በረንዳውን አጠበው።

ሞተር የሚነሣበት ቀን እንደ ሠርግ ነው፤ ሳይጠራ የሚመጣ ይበዛል። ኮፈን የተከፈተ መኪና አጠገብ ቆሞ ምክር ሳይሰጥ የሚያልፍ ወንድ በአገራችን እስካሁን አልተወለደም። ከሸንጎው መካከል አንድ የላዳ ታክሲ ባለቤት ነበር። የካንዴላ ገመዶቹ ሲሰኩ “አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት!” ብሎ አዘዘ። ልክ ነው፣ ላዳ እንዲያ ነው፤ ባለ አራት ሲሊንደሩ ቶዮታም እንዲያ ነው። ቮልስ ግን አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት ነው። መምህሩ መጽሐፋቸውን ትተው ሸንጎውን አመኑ። ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ በካርቡራቶሩ በኩል አንድ ጊዜ ተኮሰ፤ ሸንጎው በአንድ ልብ ወደ በሩ ሸሸ። በኋላ ላይ መካኒኩ ልጅ ተጠርቶ ገመዶቹን አስተካክሎ ሲያበቃ ነው የተነሣው።

እዚህ ላይ ደግሞ በትንሹ የሚታለፍ ትልቅ ነገር አለ። አዲስ የተገጠመ ሞተር ከመነሣቱ በፊት ካንዴላው ወጥቶ፣ እሳት ሳይሰጠው፣ የዘይት መብራቷ እስክትጠፋ በባትሪ መዞር አለበት። ዘይቱ ወደ ብሮንዙ ሳይደርስ የተነሣ ሞተር በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚበላው ሳምንት ሙሉ የተለካውን ክፍተት ነው። ከተነሣ በኋላ ደግሞ ሸንጎው ሁሉ “ቀስ! ቀስ! አዲስ ነው፣ አታስጩኸው!” ይላል። ካምሻፍቱ አዲስ ከሆነ ይህ ምክር ገዳይ ነው። እንደ ቮልስ ባሉት ሞተሮች የካምሻፍቱን ጉብታ ዘይት የሚረጭለት የክራንክ ሻፍቱ መዞር ነው። በቀስታ ሲዞር በቂ አይደርሰውም፤ ካምሻፍቱና ከላዩ የሚንሸራተቱት ብረቶች ገና ሳይላመዱ ይፋቃሉ። ስለዚህ እንደ ተነሣ ወዲያው 2000 ዙር ግድም ላይ 20 ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት። ከዚያም ዘይቱ ይቀየራል። ሸንጎው ጆሮውን ይያዝ።

የመምህሩ ቮልስ ዛሬ ትሄዳለች። መካኒኩ ልጅ ሞተሩን እንደገና አውርዶ፣ የተነቀለውን ቡሎን ብረት ጥርስ አስገብቶለት፣ ቮላኖውን በልኩ አጥብቆ፣ ጣሳ ሙሉ ሲልኮን ፍቆ አውጥቶ ገጠማት። ኮምፕረሽኗንም ለካ፤ 6 ባር ግድም። ገንዘብ ለመቆጠብ የተጀመረው ሥራ ያስወጣውን ባለቤታቸው ያውቁታል፤ እኛ አልጠየቅንም።

አንድ ነገር ግን ቀርቶባታል። በመጀመሪያው ገጠማ ጊዜ ከሲሊንደሮቹ ሥር የነበሩት ሁለት የተጣጠፉ ላሜራዎች ተርፈው ነበር፤ የሞተሩን ክፍል ዙሪያ የሚዘጋው ጎማም እንዲሁ። መምህሩ አገላብጠው አዩአቸውና “ጀርመን ብረት ስለማይቸግረው ነው እንጂ ጥቅም የላቸውም” ብለው አጥር ሥር አስቀመጧቸው። ቴርሞስታቱንም አብረው አስወጡት፤ “አገራችን ሞቃት ነው” ይባላል፤ ይህ ስሕተት ደግሞ የአማተር ብቻ አይደለም፣ ዲፕሎማ ያላቸው ጋራዦችም ከኮሮላው ከላንድክሩዘሩ እየነቀሉ ይጥሉታል። የኅዳርን ጠዋት ብርድ የቀመሰ ሰው እንዴት እንዲህ እንደሚል እንጃ። ቴርሞስታት የወጣበት ሞተር የሚገባውን ሙቀት ቶሎ አያገኝም፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥበዋል፣ ፋሻው በደረቅ ይሄዳል፣ ነዳጁም ይበላል። ላሜራዎቹ ደግሞ ከላይ በማራገቢያው የሚነፋው አየር ሲሊንደሩን ከሥሩ ጭምር አቅፎ እንዲያልፍ የሚያስገድዱ ናቸው። ጎማው ከታች የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይሳብ ይከለክላል። ውኃ የሌለው ሞተር በአየር ነው የሚኖረው፤ አየሩን መንገድ የሚያስይዙት እነዚያ ጥቅም የሌላቸው ናቸው።

መምህሩ ይህን ያወቁት ቮልሷ እንጦጦ መውጫ ላይ ቤንዚኗ ቱቦው ውስጥ ፈልቶ ከቆመች በኋላ ነው። ወደ ቤት ተመልሰው አጥሩ ሥር ሲፈልጉ ግን ላሜራዎቹ የሉም። ባለቤታቸው ለቆራሌው ሰጥተዋቸዋል። ስለዚህ ምናለሽ ተራም ይሁን ሌላ ቦታ የቮልስ የሲሊንደር ሥር ላሜራ፣ ጥንድ የሆነ፣ ዝገት ያልበላው ያየ አንባቢ ካለ ይግዛልንና ይላክልን፤ ዋጋውን መምህሩ ይከፍላሉ። የአየር መዝጊያ ጎማውም ካለ አይጠላም።